ምላጩን የመለስኩ ዕለት

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ አያቴን ልገድለው ምንም አልቀረኝም ነበር። እኔ ግን ሌባ የያዝኩ መስሎኝ ነበር።

አያቴ ፀጉር አስተካካይ ነበር። የምንኖረው ባለ ሦስት ፎቅ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ፣ ከታች ነበር። መንገዱን የሚያየው የፊተኛው ክፍል የሥራ ቦታው ነው፤ ከኋላ ሁለት ክፍልና ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ማእድ ቤት አለ፤ እዚያ እሱ፣ ሴት አያቴ፣ እማዬና እኔ እንኖር ነበር። በሥራ ክፍሉ መሃል የሚሽከረከር ከባድ ወንበር ተተክሏል። በወንበሩ ዙሪያ ወለሉ ተበልቶ ቀለበት ሠርቷል፤ አያቴ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ በሰው ጭንቅላት ዙሪያ ሲዞር የረገጠው ነው። እኔ በዚያ ቀለበት ላይ በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ስዞር፣ እሱ መቀሱን ሳያቆም «እግረ መንገድሽን ፀጉሩን ጥረጊ» ይለኝ ነበር።

ሴት አያቴ በሞተች በሳምንቱ ዘመዶች መጡ። ልብሷን፣ ጫማዋን፣ የስፌት መኪናዋን ተካፈሉ። አንዷ አክስት መነጽሯን ዓይኗ ላይ ሰክታ ሞከረችው፤ አላሳያት ሲል መልሳ አስቀመጠችው። ሰው ሲሞት ዕቃው እየተለቀመ ይሄዳል ማለት ነው፣ አልኩ። ይህን ያዙልኝ፤ የኋላው ጥፋቴ ሁሉ የመነጨው ከዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ አያቴ ሥራ አቆመ። «ዘጋሁ» አላለም፤ አንድ ቀን ጠዋት የመንገዱን የብረት መዝጊያ ሳያነሳው ቀረ፣ በማግስቱም እንደዚያው። ወንበሩን ከመስታወቱ አዙሮ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ይቀመጥበታል። ግድግዳው ላይ ምንም የለም። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ እዚያ ነው፤ ስመለስም እዚያው ነው። በየቀኑ ሳይላጭ ከቤት የማይወጣ ሰው ጢሙ ደረቱን ሊነካ ደረሰ። ሻይ ሲቀርብለት አጠገቡ ይቀዘቅዛል። ሸሚዙ ብዙ ጊዜ ሳይከፈት እንደቆየ ሳጥን ይሸታል።

«ምን ሆኖ ነው?» ስል እማዬ «ደክሞታል» ትለኛለች። ሰው ቁጭ ብሎ ሰባት ወር እንዴት ይደክመዋል? እኔ ሮጬ ሲደክመኝ ውሃ ጠጥቼ ይለቀኛል። ሰንፏል አልኩ በልቤ። ሐኪሞች የሚሰጡትን ስም ዛሬ አውቀዋለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ኮርስ ወስጄበት ፈተናውን አልፌያለሁ። ቤታችን ውስጥ ግን ስሙ ድካም ነበር፤ ለድካም ደግሞ ልጅ አይደነግጥም።

የደነገጥኩት በሌላ ነገር ነው። ጎረቤቶች መመላለስ ጀመሩ። ቀድሞም ይመጡ ነበር፣ ፀጉራቸውን ሊስተካከሉ። አሁን ባዶ እጃቸውን ይገባሉ፣ አያቴ አጠገብ ይቀመጣሉ፣ ሲወጡ አንድ ነገር ይዘው ይወጣሉ።

መጀመሪያ የነቃሁባት ሲስተር ናት። ሲስተር ሁለተኛ ፎቅ የምትኖር ነርስ ናት፤ ሥራ ቦታ የለመደችውን ማዘዝ እቤቷም የማትተው። ከአያቴ ራስጌ የደም ግፊት ክኒኑን ከነካርቶኑ አንስታ ነጭ ጋውኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው። በማግስቱ አንዲት ፍሬ በወረቀት ጠቅልላ አመጣችለት። የገዛ ራሱን ክኒን በችርቻሮ!

ቀጥሎ ጋሽ ፍሬን። የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ የሚያውቀው ሰው ባየ ቁጥር አውቶቡሱን ቀጥ አድርጎ ወሬ ስለሚጀምር ስሙን ያወጣንለት የሰፈር ልጆች ነን። እሱም ወዶታል። ካቻቪቴ ይዞ መጣና የመታጠቢያ ቤቱን መቀርቀሪያ ከውስጥ ፈታው፤ ከዚያ የሥራ ክፍሉን።

«ምን እየሠራህ ነው፣ ጋሽ ፍሬን?»

«ዝጎ ነው። ዘይት ልቀባው።»

እስከ ዛሬ እየቀባው ነው መሰለኝ፣ አልተመለሰም።

ሦስተኛው ቲቸር ነው፣ ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ። እሱ ደግሞ ምላጭ የሚሳልበትን ቆዳ ከሚስማሩ አውርዶ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ በብብቱ ሸጉጦ፣ «ደህና ዋሉ» ብሎ ወጣ። በዚያው ሳምንት መሳቢያውን ስከፍት ምላጮቹና መቀሶቹ በሙሉ የሉም።

እማዬን ልነግራት ወደ ማእድ ቤት ስሄድ ከሲስተር ጋር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«ሁሉንም ባንዴ ብናነሳው ይነቃ ነበር» አለች ሲስተር። «ቀስ በቀስ መሆኑ በጀን።»

«ትልቁን ምላጭ ሲያጣው ግን ይጮሃል። ሥራ ካስተማረው ሰው የወረሰው እኮ ነው።»

«ቢጮህማ ደስ ባለኝ። ጮኸ?»

«አልጮኸም» አለች እማዬ። አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት። «መሳቢያውን ከፍቶ አየና ዘጋው።»

«ልጅቷ እንዳትሰማ ብቻ።»

ልጅቷ በሩ ሥር ቆማ ትሰማለች። እማዬም አለችበት! ዕቃውን ሳይሞት እየተካፈሉት ነው። የሴት አያቴ ሲሆን ሳምንት ጠብቀው ነበር፤ የእሱን መጠበቅ አቅቷቸዋል።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ክትትል ሆነ። የቁም ሳጥናችን በር ከውስጥ በኩል ወረቀት ተለጥፎበት አገኘሁ፤ የየቀኑ ተራ፦ «ከስምንት እስከ አሥር ቲቸር። ከአሥር ተኩል ፍሬን። ከአሥራ ሁለት ሲስተር።» ከሥሩ በክር የተንጠለጠለ ደብተር አለ፣ በሲስተር ጽሕፈት፦ «ምሳ፦ ሦስት ማንኪያ። ንግግር፦ የለም። እንቅልፍ፦ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥቂት።» ባለቤቱ የሚተኛበትን ሰዓት እየመዘገቡ የሚሰርቁ ሌቦች! የተደራጁ ናቸው አልኩ። አልተሳሳትኩም፤ የተደራጁ ነበሩ።

ለአያቴ ለራሱ ነገርኩት። ወንበሩ ክንድ ላይ ተደግፌ፣ ጆሮው ሥር፦

«አባባ፣ እየሰረቁህ ነው። ክኒንህን፣ መቀርቀሪያውን፣ ምላጮቹን፣ ሁሉንም።»

«ይውሰዱት» አለ።

«ዕቃህ እኮ ነው!»

«እኔንም ቢወስዱኝ ጥሩ ነበር።»

ሳቅኩ። ጋሽ ፍሬን አያቴን ትከሻው ላይ ጭኖ ደረጃውን ሲወጣ ታየኝ። በሰባት ወር ውስጥ አያቴ ለሰው የሰጠው ቀጥተኛ መልስ ያ ብቻ ነው፤ የሰማሁትም እኔ ነኝ፤ ሳቅኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የሲስተርን ድስት ልመልስ ወደ ላይ ወጣሁ። ሲስተር ጣሪያው ላይ ልብስ እያሰጣች «ግቢና ማእድ ቤት አስቀምጪው» አለችኝ። ገባሁ። መኝታ ክፍሏ ተከፍቷል፤ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰማያዊ መስመር ያለበት ፎጣ ተቋጥሮ ተቀምጧል። የእኛ ፎጣ ነው፤ አያቴ ደንበኛ አንገት ላይ የሚጥለው። ወንበር ላይ ቆሜ አወረድኩት። ቲቸር የወሰደው ቆዳ ሳይቀር ሁሉም አሉ። መቀሶቹ እንዳይንቃጨሉ ተውኳቸውና ትልቁን ምላጭ ብቻ፣ ያንን የቀንድ እጀታ ያለውን፣ ከቆዳው ጋር ሸሚዜ ውስጥ ከትቼ ወረድኩ። 

ተራቸውን በቃሌ ስለማውቀው ሐሙስን ጠበቅኩ። እማዬ ፋብሪካ ናት። ቲቸር ሰዓት አክባሪ ሰው ነው፣ አሥር ሰዓት ሲል ይነሳል። ጋሽ ፍሬን አሥር ተኩል ነው የሚመጣው። መሃል ላይ ግማሽ ሰዓት ማንም የለም።

«አባባ፣ ዓይንህን ጨፍን» አልኩት ከኋላው።

ምላጩን ከነቆዳው ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ በአውራ ጣቱ እጀታውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰው። ጀርባው ቀና አለ። ወንበሩን በእግሩ ገፍቶ ወደ እኔ ዞረ፤ ዓይኖቹ ንቁ ነበሩ።

«ከየት አመጣሽው?»

«ሲስተር ደብቃው ነበር። ሁሉም ተባብረው ነው። እማዬም አለችበት።»

«እናትሽም» አለ። «ማን አይቶሻል?»

«ማንም።»

«እናትሽ ስንት ሰዓት ትመጣለች?»

«አሥራ አንድ።»

«ቲቸርስ?»

«ሄዷል። ጋሽ ፍሬን ነው የሚመጣው፣ አሥር ተኩል ላይ።»

የግድግዳውን ሰዓት አየ። ሰዓት ማየቱ ራሱ አስደሰተኝ፤ ወራት ሙሉ ምንም ነገር ቀና ብሎ አላየም ነበር።

«ጎበዝ ልጅ ነሽ» ብሎ ጭንቅላቴን ዳሰሰኝ። «አሁን ሂጂና ዳቦ ግዢልኝ። ከማዶው ሱቅ አይደለም፣ ከገበያው፣ ትኩሱን።»

«ራበህ?»

«አዎ። በሩን ዝጊው። ደግሞ እንዳትሮጪ፣ ቀስ ብለሽ ሂጂ።»

ዛሬ እያንዳንዱ ጥያቄው ለምን እንደነበር ለማንም ግልጽ ነው። እኔ የሰማሁት ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አባባ ራበው። ከቤት ስወጣ የምራመድ ሳይሆን የምበር ነበር የሚመስለኝ።

የግቢው በር ላይ ከጋሽ ፍሬን ጋር ተገጣጠምን። መንገድ ቀንቶት ቀድሞ ደርሷል።

«ወዴት ነው ፖሊሷ?» አለኝ። ሰሞኑን ዓይን ዓይኑን ስለማየው ነው እንዲህ የሚለኝ።

«አባባ ዳቦ ግዢልኝ አለኝ። ራበው!»

«አትይኝም!» ፊቱ በራ። «ራበኝ አለ? በራሱ አፍ?»

«ምላጩንም መልሼለታለሁ» አልኩ። ሌባ ሲነቃበት ምን እንደሚመስል ማየት ፈልጌ ነበር።

አየሁ። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ፣ ዓይኖቹ ግን ሌላ ሆኑ።

«የቱን ምላጭ?»

«ትልቁን።»

የምሳ ዕቃው ከእጁ ወደቀ። ጋሽ ፍሬን ወፍራም ነው፤ አውቶቡሱ ሲያመልጠው እንኳ የማይሮጥ ሰው ነው እየተባለ ይቀለድበት ነበር። ያን ዕለት ሮጠ። ሊነጥቀው ነው ብዬ እኔም ተከትዬው ሮጥኩ።

የሥራ ክፍሉ በር ተዘግቷል፤ ከውስጥ የደንበኞች አግዳሚ ተገፍቶ ተደግፎበታል። መቀርቀሪያ የለውም። ጋሽ ፍሬን በትከሻው ሲገፋው አግዳሚው ወለሉን እየጫረ ተንሸራተተ።

አያቴ መስታወቱ ፊት ቆሟል። የሸሚዙን ኮሌታ፣ ለደንበኛ እንደሚያደርገው፣ በሥርዓት ወደ ውስጥ አጥፎታል። ምላጩ ተከፍቶ በቀኝ እጁ ነው።

«ውጣ» አለ ሳይዞር፣ በመስታወቱ እያየን።

ጋሽ ፍሬን በሩ ላይ ቀጥ አለ። እንደ ወናፍ ይተነፍሳል። በመሃላቸው አራት እርምጃ አለ። የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ያን ቀን ለምን ዘሎ እንዳልያዘው ጠይቄው ነበር። «ልጅ ድንገት መንገድ ሲገባብሽ» አለኝ፣ «ፍሬን ብትይዢም መኪናው የማይቆምበት ርቀት አለ። ያን ርቀት ነው ያየሁት።»

ስለዚህ አልዘለለም። ባርኔጣውን አወለቀና መስቀያው ላይ ሰቀለው። ቀስ ብሎ ሄዶ ግድግዳውን ሲያይ የከረመውን ወንበር ወደ መስታወቱ አዞረው። ተቀመጠ።

«ጢሜን ይላጩኝ ጋሼ።»

«ሱቁ ዝግ ነው።»

«ገባሁ እኮ።»

«ሂድ ሌላ ቦታ ተላጭ።»

«ሞከርኩ። ማዶ ያለው ልጅ እንደ በግ ሸለተኝ። ይዩት እስቲ ይሄን።» አገጩን ወደ መብራቱ ዘረጋ።

አያቴ አላየም። ምላጩ እጁ ላይ ሲርገበገብ የስለቱ ብርሃን ጣሪያው ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል።

«እጄ ይንቀጠቀጣል» አለ በመጨረሻ።

«የእኔ አንገት አይንቀጠቀጥም።» ጋሽ ፍሬን ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ጣለና ዓይኑን ጨፈነ።

እንዲህ ያለ ዓይን አውጣ ሰው በሕይወቴ አላየሁም ነበር። ሰርቆ ሲያበቃ ደግሞ ላጨኝ! «አባባ፣ ሌባው እኮ እሱ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ማንም ወደ እኔ አልዞረም። የጋሽ ፍሬን ማንቁርት ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ታች ሲወርድ ይታየኛል። ውጪ አንድ ሰው ብስክሌት እየገፋ አለፈ፤ ሰንሰለቱ ቃ ቃ ቃ እያለ እስኪርቅ ድረስ ሁላችንም ያንን ብቻ ሰማን።

«ውሃ አሙቂ» አለ አያቴ።

«ዳቦውስ?»

«ውሃ አልኩሽ።»

ውሃው እስኪሞቅ ዘመን ፈጀ። ተመልሼ ስገባ ጋሽ ፍሬን እንደዚያው አንገቱን አጋልጦ ተቀምጧል፤ አያቴ ምላጩን ቆዳው ላይ እየሳለ ነው፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ሳሙናውን ቀባው። የሰውየውን አፍንጫ በሁለት ጣቱ ይዞ ፊቱን አዞረ። የመጀመሪያውን መስመር ከጆሮው ሥር ጀምሮ ሲያወርድ እግሩ ወለሉ ላይ ያለውን ቀለበት ይዞ መሄድ ጀመረ።

መንጋጋው ላይ ሲደርስ ቆረጠው። ደሙ በነጩ አረፋ ላይ ወጣ።

«አየህ!» ብሎ ጮኸ አያቴ። እውነተኛ ጩኸት ነበር፣ መስታወቱን ያንቀጠቀጠ። «በአርባ አንድ ዓመት ሰው አድምቼ አላውቅም! እምቢ ስልህ አትሰማም?»

«ለአንዲት ጠብታ ነው እንዲህ የሚቆጡት? ይጨርሱ እንጂ፣ ግማሽ ሰው ሆኜ ልውጣ?»

ሲስተር የቋጠረችው ፎጣ መላላቱን አይታ ደረጃውን በባዶ እግሯ ስትወርድ የደረሰችው ያኔ ነው። በሩ ላይ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ሲስተር» አለ ጋሽ ፍሬን ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ወረፋ ከፈለግሽ አግዳሚው ያውልሽ።»

አያቴ ጨረሰ፣ ፊቱን ጠረገለት፣ ምላጩን አጠበና አጠፈው። ጋሽ ፍሬን ተነስቶ መዳፉን ዘረጋ። አያቴ መዳፉን አየ። አጥፎ የያዘውን ምላጭ ቆይቶ ቆይቶ አስቀመጠለት።

ጋሽ ፍሬን ወደ ግቢው ወጥቶ፣ ቧንቧው ሥር ተንበርክኮ አስመለሰው። ሳሙና አፉ ገብቶ ነው አልኩ፤ ደግ አደረገው።

ያ ቀን አያቴን አዳነው ብዬ አልዋሽም። በማግስቱ ሲስተር ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። የመጀመሪያው መድኃኒት አልተስማማውም፤ ሁለተኛው እስኪሠራ ወራት ፈጀ፤ በመሃል ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ተኛ። ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖረ፤ ሦስቱ ከባድ ነበሩ። የሞተው በሳንባ ሕመም፣ አልጋው ላይ ነው። ነገሩ የተለወጠው ግን ያን ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመስለኛል፣ እማዬ ከፋብሪካ ስትመለስ።

ሲነግሯት መጀመሪያ ያደረገችው እኔን በጥፊ ማላስ ነው። ልትደግመኝ ስትል ሲስተር እጇን ያዘቻት።

«ተያት። ያልነገርናት እኛ ነን።» ከዚያ አግዳሚውን ጎትታ አያቴ ፊት ለፊት ተቀመጠች፣ ጉልበቷ ጉልበቱን እስኪነካ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው፤ እንዳይዋሹኝ። ዛሬ ራስዎን ሊያጠፉ ነበር?»

«ኧረ በፈጣሪ፣ ሲስተር!» አለች እማዬ። «እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? ልጅቷ ቆማለች!»

«ትስማ። ሳትሰማ ነው እዚህ የደረስነው።»

አያቴ እጆቹን አየ። የደረቀ ሳሙና ጥፍሩ ሥር አለ።

«አዎ» አለ።

እማዬ ባለችበት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እኔ ደግሞ ክኒኑን፣ መቀርቀሪያውን፣ በጋዜጣ የተጠቀለለውን ቆዳ አንድ በአንድ አሰብኳቸው። ከዚያ ገበያው ድረስ፣ ቀስ ብለሽ፣ እንዳትሮጪ ያለኝን አሰብኩ። 

«ነገስ?» አለች ሲስተር።

«ነገ እንጃ።»

«የሚብስብዎ ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ደብተር ሙሉ ጽፈውበታል እንጂ አልጠየቁትም። አያቴ አሰበ፤ ረጅም ጊዜ አሰበ።

«ምሳ አልፎ። ስምንት ሰዓት ገደማ፣ መንገዱ ጸጥ ሲል።»

ሲስተር ተነስታ ደብተሩን ከቁም ሳጥኑ በር በጥሳ አመጣችና ጭኗ ላይ ገለጠች። «ምላጩ እኔ ዘንድ ነው የሚያድረው። መደበቅ ቀርቷል፣ ይወቁት፣ ለምን እንደሆነም ያውቁታል። ስምንት ሰዓት ላይ ይዤው እመጣለሁ፤ ሰው ይላጫሉ፤ በእጅዎ ይሰጡኛል፣ ይዤ እሄዳለሁ።»

«ማንን ነው የምላጨው?»

«ነገ የሦስተኛ ፎቅ ሰዎችን። የሚቀጥለው ሐሙስ ፍሬንን።» እየጻፈች ነው። «ሰኞ ቲቸርን።»

«ቲቸር ጢም አያበቅልም» አለ አያቴ።

«እስከ ሰኞ ያበቅላል» አለችና ጻፈችው።